«ሰብር አድርጊ» ይሏትና በሩን ይዘጉባታል

ቢስሚላህ።

ጀርባው ላይ ክፍት ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ እብጠት ይዞ የተወለደ ሕፃን ያለበት ቤት ጠያቂ ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ንግግሮች አንዱን ጥሎ ይወጣል። አንዷ «ምን ሠርታ ይሆን?» ብላ ከጎኗ ላለችው ታንሾካሹካለች። ሌላው «ዓይን ነው፣ ጂን ነው፣ ሩቅያ ይቀራበት» ይላል። ሦስተኛው የዲን ሰው ነው፤ «እህቴ ሰብር አድርጊ፣ አጅሩ ጀነት ነው» ይልና ቡናውን ጠጥቶ፣ ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋር የሚከራከር አይጠፋም። እኛ ዛሬ በተለይ ከሦስተኛው ጋር ነው የምንሟገተው። ምክንያቱም እሱ የሚናገረው በዲናችን ስም ነው።

የሰብርን ደረጃ የሚክድ ሙስሊም የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ሰብር አድርጊ የተባለችው እናት ነገ ልጇን አቅፋ ሆስፒታል ስትሄድ ሌሎቹን ልጆች ማን ይጠብቅላታል? የመኪናውን ማን ይከፍላል? ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው የትኛው መድረሳ ይቀበለዋል? እዚህ ላይ ሲደረስ ያ ሁሉ መካሪ ስልክ አያነሳም። ሰብር ለተፈተነው ሰው ስንቅ ነው። ጎረቤት፣ ዘመድና ጀማዓ ያለባቸውን ሐቅ የሚያወርድ ቃል አይደለም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ስሙ ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አራት ሳምንታት፣ እስከ 28ኛው ቀን ገደማ፣ ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ዘንግ ከሁለት ጎን ተጠቅልሎ ይዘጋል። ታች ወገብ አካባቢ ሳይዘጋ ከቀረ አከርካሪው ክፍት ይሆናል፤ ነርቮቹም ለጉዳት ይጋለጣሉ። ከዚያ በታች ያለው አካል፣ ማለትም እግር፣ ፊኛና አንጀት፣ እንደ ክፍተቱ ቦታና መጠን ይደክማል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይሰማም። በ28ኛው ቀን ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። የወር አበባ ዘገየ ብላ የምታስብ ሴት ሆዷ ውስጥ ነገሩ አልቋል። ታዲያ «ምን ሠርታ ነው?» የሚለው ሰው ስለ የትኛው ቀን ነው የሚጠይቀው?

አገራችን ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በትግራይ በተጠኑ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊዶች ከ130 በላይ የሚሆኑት የነርቭ ዘንግ ጉድለት ነበረባቸው። ይህ ስፓይና ቢፊዳን ብቻ ሳይሆን የራስ ቅል ሳይገጥም የሚወለዱትንም ይጨምራል። በሙስሊሙም በክርስቲያኑም፣ በሀብታሙም በድሃውም ቤት ይወለዳል።

ዓይን ሐቅ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የታተመ፣ በሰባት አገሮች 33 ማዕከላት የተካሄደ ትልቅ ጥናት አለ። ቀድሞ እንዲህ ያለ እርግዝና የገጠማቸው እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ሲወስዱ፣ ነገሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ ጂን ነው ካላችሁ፣ ይህ ጂን ቫይታሚን የሚፈራ ጂን ነው ማለት ነው። ሰበብን የፈጠረው አላህ ነው። ሰበቡ በእጃችን እያለ ትቶ ወደማይታየው መሮጥ ተወኩል አይባልም።

ይህን ስንል ደግሞ ሌላ በር እንዳይከፈት እንፈራለን። ትናንት «ኃጢአቷ ነው» ይሏት የነበሩት ዛሬ «እንክብሉን ስላልወሰደች ነው» ሊሏት ይችላሉ። አይቻልም። እንክብሉን በትክክል ወስዳ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች አለች፤ ስሙን ሳትሰማ አሥር ጤነኛ የወለደችም አለች። የዘር ተጋላጭነት አለበት፣ የስኳር በሽታ አለበት፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለ መድኃኒት አለበት። (የምትወስደው እህት ካለች በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ፤ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታነጋግር።) መከላከያው የሚነገረው ለሚቀጥለው ልጅ ነው፤ የተወለደውን ልጅ እናት መክሰሻ አይደለም።

አሁን ወደ ገዳዩ ጉዳይ እንምጣ፤ መዘግየት። ክፍት ሆኖ የተወለደ ጀርባ በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ 48 እስከ 72 ሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና መዘጋት አለበት። ከዘገየ ጀርም በክፍቱ ገብቶ የአንጎልን ሽፋን ይበክላል፤ ማጅራት ገትር ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው የሞቱትን ነርቮች አይመልስም፤ ያሉትን ያድናል፤ ሕይወትንም ያተርፋል። በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ግን ቤታችን ምን ይሠራል? ሽማግሌ ይሰበሰባል። «ሰባት ቀኑን ይሙላ፣ ዐቂቃው ይውጣለት፣ ስም ይውጣለት፣ ከዚያ እናያለን» ይባላል። አንዱ ከቴሌግራም ላይ ሩቅያ የተቀራበት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ገዝቶ ይመጣል። ዘይቱን ክፍት ህብለ ሰረሰር ላይ ያፈሱታል! ይህን የሚሸጡ ሰዎች «ሕክምና ላይ ሰበብ ማድረስ ሱና ነው» እያሉ ነው የሚሸጡት። አላህ ዘንድ የሚጠየቁበት ነገር መሆኑን እዚሁ እንነግራቸዋለን።

ሩቅያን አልተቃወምንም። እናትየው አምቡላንስ ውስጥ ሆና አያተል ኩርሲን ትቅራበት፤ አባትየው ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆሞ ዱዓ ያድርግ። ቁስሉ ላይ ግን ዘይት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ምንም አይቀባም። በንጹሕ ጨው ውሃ በረጠበ ንጹሕ ጋዝ ይሸፈናል፣ ሕፃኑ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው። ክፍለ ሀገር ያላችሁ፣ የምትወልዱበት ጤና ተቋም በዚያው ቀን ሪፈር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። «ሰኞ ተመለሱ» ቢሏችሁ አትመለሱ፤ እዚያው ተቀመጡ።

ጀርባው ከተዘጋ በኋላም ከብዙዎቹ ልጆች ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ ይተልቃል፣ እርግብግቢቱ ይነፋል፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ። ሐኪሞች ውሃውን ወደ ሆድ የሚያወርድ ሻንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ ወይም በአንጎል ውስጥ ሌላ መውጫ ይከፍቱለታል። ሻንት ሊደፈን ይችላል። ልጁ በተደጋጋሚ ካስመለሰ፣ ከልክ በላይ ካንቀላፋ፣ ራሴን ካለ ወይም ካተኮሰው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለችን እናት በመንፈቀ ሌሊት በር አንኳኩታ መኪና ስትለምን ያላያት ሰው ስለ ሰብር ባያወራ ይመረጣል።

ከዚያ የሚመጣው ረጅሙ ኑሮ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ የሚወራለትም እሱ ነው። ፊኛው በራሱ ባዶ አይሆንም። ሽንት ተጠራቅሞ ወደ ኩላሊት ሲመለስ ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይገድላል፤ ልጁ ሳያመው። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ያስተዋወቀው ነው። ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተር፣ በየሦስት አራት ሰዓቱ በታጠበ እጅ አስገብቶ ሽንቱን ማውጣት። ከዚያ በፊት ይህ በሆስፒታል ብቻ፣ ፍጹም ከጀርም በጸዳ ሁኔታ ካልሆነ አይቻልም ይባል ነበር። የእሱ ግኝት ንጹሕ እጅና ንጹሕ ቱቦ ይበቃል የሚል ነው። ስለዚህ ማንበብ የማትችል እናት በሳሙናና በውሃ የልጇን ኩላሊት ማዳን ትችላለች። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ከሱብሕ በፊት ተነስታ፣ ከዒሻ በኋላ ደግማ። ላቴክስ የተባለው የጎማ ዓይነት ለእነዚህ ልጆች አለርጂ ስለሚያስነሳ ቱቦውም ጓንቱም ከሌላ ነገር የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ሆድ ድርቀቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

እግሩ ስለማይሰማው ደግሞ የከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሲቃጠል አያለቅስም። የእናትየው አፍንጫ ነው መጀመሪያ የሚያውቀው። ጫማ ሲጠበው አይናገርም። አንድ ቦታ ረጅም ሰዓት ከተቀመጠ መቀመጫው ይቆስላል፤ ያ ቁስል ወራት ይፈጃል። ማታ ማታ እንደ ሱና ሶላት ሳትቀር የልጇን ተረከዝና መቀመጫ በመብራት የምታይ እናት እናውቃለን። «ምን ትሠሪያለሽ ቤት ተቀምጠሽ?» የሚሏት ዘመዶችም አሏት።

የዚህችው እናት ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጁዝእ ዐማን ከእናቱ ስልክ እየሰማ ሐፍዟል፤ ተጅዊዱ ብዙ ታላላቆቹን ያሳፍራል። አንድ መድረሳ ወሰደችው። በሦስተኛው ቀን መለሱላት። ምክንያቱ «ሽታ አለው፣ ቦታው ይነጀሳል፣ ወላጆች ቅሬታ አቀረቡ» የሚል ነበር። «ቤቱ ሆኖ ይቅራ፣ አላህ ኒያውን ያያል» አሏት። ሰብር አድርጊም አልቀረም። የመድረሳውን ስም አንጠቅስም፤ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍን።

ነጃሳ ነው ላሉት ፊቅሁን እናስታውሳቸው፤ እነሱም ቀርተውታልና። ሽንት መቆጣጠር የማይችል ሰው ጉዳይ፣ ሰለሰል በውል የሚባለው፣ በኪታቦቻችን ውስጥ በጧሃራ ምዕራፍ ቦታ ተሰጥቶታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ወቅቱ ሲገባ ይታጠባል፣ ያስራል፣ ለእያንዳንዱ ፈርድ ውዱእ ያደርጋል፣ ሳይዘገይ ይሰግዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ለእያንዳንዱ የሶላት ወቅት ውዱእ ያደርግና በዚያ ወቅት ውስጥ የሻውን ይሰግዳል። በሁለቱም፣ ከዚያ በኋላ የሚያመልጠው ይቅር ተብሏል። መስጂድ መግባቱስ? ቦታውን እንደማያቆሽሽ ከተረጋገጠ ይገባል። ዛሬ ዳይፐር አለ። ዳይፐር ባልነበረበት ዘመን ከነብያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ባለቤቶች አንዷ ደም እየፈሰሳት ከእሳቸው ጋር መስጂድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ማድረጓን፣ አንዳንዴም ከሥሯ ሳህን ይደረግላት እንደነበር ቡኻሪ ዘግበውታል። ሳህኑን አስቡት። ከመስጂድ ውጪ አላሏትም፤ ሳህን አመጡ። እነዚህ ኡስታዞች ከነብዩ መስጂድ የበለጠ ንጹሕ መድረሳ አላቸው ማለት ነው?

ስለ ሽታው ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ካቴተሩ በሰዓቱ ከተደረገና ልብስ ከተቀየረ ሽታ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው በር ያለውና የሚቆለፍ አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ውሃና ሳሙና ነው። ለውዱእ ውሃ የሌለው መድረሳ የለም። ምንጣፍ ላይ ለሰዓታት ለሚቀመጥ ልጅ ወፍራም ፍራሽና በየግማሽ ሰዓቱ «ተነስ፣ ዞር በል» የሚለው ሰው ይበቃዋል። የመስጂዶቻችንን መግቢያ ደግሞ እዩት። ሚምበር ላይ የዓይነ ስውሩን የዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን ታሪክ ሰምተን እናለቅሳለን፤ ውጭ ዊልቸር የማይወጣው ዘጠኝ አሥር ደረጃ አለ። ለመብራት ጌጡ የተዋጣውን ብር ስናይ ለአንድ የሲሚንቶ መወጣጫ ብር የለም የሚለው ወሬ አይዋጥልንም።

«ተምሮስ ምን ሊሆን?» የሚል ከመጣ ስለ ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ይጠይቅ። የታሪክ ኪታቦች ጥቁር፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ እጁ የሰለለ፣ የሚያነክስ፣ በመጨረሻም ሁለቱንም ዓይኖቹን ያጣ እንደነበር ይገልጹታል። ይህ ሰው የመካ ሙፍቲ ነበር። በኡመውያዎች ዘመን በሐጅ ወቅት ከእሱ በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ ይታወጅ እንደነበር ተዘግቧል። አንድ ሰው በልጅነቱ «ቤቱ ሆኖ ይቅራ» ብሎ መልሶት ቢሆን ኖሮ?

አሁን አባቶችን። ልጁ እንዲህ ሆኖ ሲወለድ «ከእሷ ወገን ነው» ብለው የሚሄዱ ወንዶች አሉ። ፍቺ በሸሪዓ ለምን እንደተፈቀደ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ነፈቃ ግን በፍቺ አይወርድም። የልጅ ወጪ በአባት ላይ ነው፤ በዚህ ዑለማዎች አልተለያዩም። ብዙሃኑ ደግሞ ሠርቶ መብላት የማይችል ልጅ ከደረሰም በኋላ ነፈቃው እንደማይቋረጥ ጽፈዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ኒካሕ ይታሰርልኝ ብሎ ሲመጣ መስጂዱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኑረው፤ የመጀመሪያው ልጅህ ካቴተር በዚህ ወር ማን ገዛለት? ከሚስታቸው ጋር ተራ ገብተው ቱቦውን በእጃቸው የሚያደርጉ አባቶችም አሉ፤ አላህ ያበርታቸው። እነሱን ሚምበር ላይ የሚያነሳቸው የለም።

በኸይር ስም ስለሚለጠፈው ፎቶም ዝም አንልም። ልጁን ራቁቱን፣ በጀርባው ክፍት ቁስሉ፣ እናቱን እያለቀሰች፣ ከታች የባንክ ሒሳብ። የሚያደርጉት ወንድሞች ኒያቸው ደህና ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ልጅ ነገ ማንበብ ይማራል፤ አብረውት የሚቀሩት ልጆች ያንን ፎቶ ከስልክ ያወጡታል። ድሃ መሆን ዐውራን አያስገልጥም። የሆስፒታሉን የወጪ ደብዳቤ ስሙን ሸፍናችሁ ለጥፉ፤ የታመኑ የመስጂድ ሰዎች አጣርተናል ብለው ይመስክሩ። በደብዳቤ የማይሰጥ፣ ቁስል ካላየ የማይሰጥ ሰው ካለ ገንዘቡን ይያዘው። ዘካ የምታወጡ ነጋዴዎችም፣ ድሃ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ዘካ ይገባዋል፤ በረመዳን አንድ ጊዜ ሩዝ ከመስጠት በየወሩ ካቴተርና ዳይፐር መሸፈን ለእነዚህ ሰዎች ይበልጣል።

የመጨረሻው ጉዳይ በቀጥታ የኢማሞችና የኛ የረዳቶቻቸው ነው። ፎሊክ አሲዱ የሚሠራው ከእርግዝና በፊት ተጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር ሲወሰድ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም። ቀድሞ እንዲህ ያለ እርግዝና የነበራት ሴት በሐኪም ትእዛዝ አሥር እጥፍ ገደማ ትወስዳለች። ጤና ጣቢያ በክትትል ጊዜ የሚሰጠው የአይረንና ፎሌት እንክብል ለደም ማነስ ጥሩ ነው፤ ግን ሴቲቱ ክትትል የምትጀምረው ብዙ ጊዜ ዘንጉ የሚዘጋበት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2023 አገሮች ምግብን በፎሊክ አሲድ እንዲያበለጽጉ ውሳኔ አሳልፏል። ቢሆንም በሰፈር ወፍጮ የሚፈጨው ጤፋችንና በቆሏችን ከዚህ ውጭ ነው። ታዲያ ሴትን ከማርገዟ በፊት አስቀድሞ የሚያገኛት ማነው? ሐኪሙ አይደለም። ኒካሑን የሚያስረው ነው። ወሊዩ፣ ምስክሮቹ፣ መህሩ ሲጻፍ መዝገቡን የሚይዘው ሰው ያን ዕለት ሙሽሮቹ ዘንድ አለ።

«እንዴት በሙሽሮች ፊት ስለ እርግዝና ይወራል፣ ሐያእ የለም ወይ?» የሚሉ እንደሚመጡ እናውቃለን። የአንሷር ሴቶች ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ አላገዳቸውም። ማፈር ያለበት ደግሞ ሦስት መስመር ወረቀት ከሰጠው ሰው ይልቅ ከዓመት በኋላ ለጥየቃ ሄዶ ቡና የሚጠጣው ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አጭር ነው፤ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ፎሊክ አሲድ ጠይቁ፤ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ካለች ለሐኪም ትንገር፤ ቀድሞ በቤተሰብ ውስጥ ጀርባው ክፍት የተወለደ ልጅ ካለ አትደብቁ። ከኒካሕ ወረቀቱ ጋር ፖስታ ውስጥ ይገባል። በአማርኛ አዘጋጅተነዋል፤ በአፋን ኦሮሞ የሚተረጉምልን ወንድም እየፈለግን ነው። ለመስጂዱ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እንልካለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።